የውቅያኖስ ዝቅተኛ ደመና እና የትንበያ ሞዴሎች፦ የቱን ያውቃሉ፣ የቱ ያመልጣቸዋል?

አዳማ ላይ ደመና ሲባል በመጀመሪያ የሚታሰበው ዝናብ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ከሰዓት በኋላ በስምጥ ሸለቆው ዳርና ዳር ባሉት ከፍታዎች ላይ የሚከመረው ደመና ወደ ላይ አሥርና ከዚያ በላይ ኪሎ ሜትር ያድጋል፤ ነጎድጓድ ያሰማል፤ አንዱን ቀበሌ አጥለቅልቆ ሌላውን ሳይነካ ያልፋል። ይህ ጽሑፍ የሚያብራራው ግን የዚህ ተቃራኒ ስለሆነ ደመና ነው። ጠፍጣፋና ቀጭን ነው፤ ከካፊያ ያለፈ ዝናብ አይሰጥም፤ አናቱ ከባሕር ወለል እምብዛም ከሁለት ኪሎ ሜትር በላይ አይወጣም፤ ስፋቱ ግን በሺህ ኪሎ ሜትሮች ይለካል። የሜትሮሎጂ ባለሙያዎች ስትራቶኩሙለስ ይሉታል፤ በዓመት አማካይ ከተሰላም ከምድር ገጽ አንድ አምስተኛ ያህሉን ይሸፍናል።

እንዲህ ያለው ደመና በምድር የሙቀት ሚዛን ላይ ያለው ድርሻ ከቅጥነቱ ጋር አይመጣጠንም። ጥቁሩ የባሕር ውሃ ከሚያርፍበት የፀሐይ ብርሃን ከአሥር እጅ አንዱን እንኳ መልሶ አያንጸባርቅም፤ ደመናው ሲሸፍነው ግን ከብርሃኑ አንድ ሦስተኛው፣ አንዳንዴም ከግማሽ በላይ የሚሆነው ወደ ጠፈር ይመለሳል። ከፍ ያሉ ደመናዎች ብርሃን ቢመልሱም ከታች የሚወጣውን ሙቀት አፍነው ስለሚይዙ ውጤታቸው ይጣፋል። ዝቅተኛው ደመና ግን ሙቀቱ ከባሕሩ ወለል ሙቀት ብዙም ስለማይለይ የማፈን አቅሙ ትንሽ ነው፤ በአመዛኙ ሥራው ማቀዝቀዝ ነው።

እንግዲህ የከባቢ አየር ሞዴሎች፣ ማለትም የአየሩን ጠባይ በኮምፒውተር የሚያሰሉ ፕሮግራሞች፣ ይህን ደመና በምን ያህል ትክክለኛነት ይተነብዩታል ለሚለው ጥያቄ አንድ ወጥ መልስ የለም። ነገ በዚህ ባሕር ላይ ደመና ይኖር እንደሆነ ሲጠየቁ በአብዛኛው ጥሩ መልስ ይሰጣሉ። ደመናው ምን ያህል ይወፍራል፣ በስንት ሰዓትስ ይገፋል ሲባሉ መንገዳገድ ይጀምራሉ። ምድር ስትሞቅ ይህ ደመና ይሳሳል ወይስ ይበዛል ተብለው ሲጠየቁ ደግሞ ለብዙ ዘመን እርስ በርስ ሳይስማሙ ኖረዋል። የሦስቱ መልሶች ጥራት ቢለያይም የችግሩ ምንጭ አንድ ነው፤ የደመናውን ዕጣ የሚወስነው ነገር ሞዴሉ ሊያየው ከሚችለው መጠን በእጅጉ ያነሰ ነው።

ይህ ደመና የሚዘወተርባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው፤ ከካሊፎርኒያ፣ ከፔሩና ከቺሊ፣ ከናሚቢያና ከአንጎላ እንዲሁም ከምዕራብ አውስትራሊያ ጠረፎች ባሻገር ይገኛል። በምድር ወገብ አካባቢ ሞቆ የወጣው አየር ከዚያ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ሄዶ በእነዚህ ባሕሮች ላይ ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ሲወርድም እየታመቀ ይሞቃል፣ ይደርቃል። ከሥሩ ያለው ባሕር ግን በተቃራኒው ቀዝቃዛ ነው፤ በጠረፉ ዳር የሚነፍሰው ነፋስ የላይኛውን ውሃ ገፍቶ ከጥልቁ ቀዝቃዛ ውሃ እንዲወጣ ያደርጋልና። ስለዚህ ከታች ቀዝቃዛና እርጥብ፣ ከላይ ሞቃትና ደረቅ አየር ተነባብረው ይቀመጣሉ። ሁለቱ የሚገናኙበት ወሰን ኢንቨርዥን ይባላል፤ በጥቂት አሥር ሜትሮች ከፍታ ውስጥ ሙቀቱ በአሥር ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ሊጨምር ይችላል። ደመናው የሚተኛው ከዚህ ወሰን ሥር ነው። የፔሩ ዋና ከተማ ሊማ ከሰኔ እስከ ጥቅምት ገደማ ሰማይዋ በዚህ ግራጫ ደመና ተሸፍኖ ይከርማል፤ ያም ሆኖ በዓመት የምታገኘው ዝናብ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ደመናውን በሕይወት የሚያቆየው አሠራር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰሙት ያስገርማል። ድስት የሚፈላው ከታች በሚነድ እሳት ነው፤ ይህ ደመና ግን የሚገላበጠው ከአናቱ እየቀዘቀዘ ስለሚሄድ ነው። የደመናው የላይኛው ገጽ ሙቀቱን በጨረር መልክ ወደ ጠፈር ይለቃል፤ ከላዩ ያለው ደረቅ አየር ጨረሩን አይመልስለትም። በዚህ ምክንያት የቀዘቀዘው አየር ከብዶ ወደ ታች ይሰምጣል፤ በምትኩ ከባሕሩ ወለል እርጥበት የያዘ አየር ይነሣል፤ ደመናውም ይታደሳል። ነገር ግን ያው መገላበጥ ከኢንቨርዥኑ በላይ ካለው ሞቃትና ደረቅ አየር ጥቂት ጥቂቱን እየቦጨቀ ወደ ደመናው ያስገባል፤ ያ ደግሞ ደመናውን ከውስጥ ያደርቀዋል። ስለሆነም ደመናውን የሚመግበው እንቅስቃሴ መልሶ የሚያጠፋውም እርሱ ነው፤ ደመናው የሚኖረው በሁለቱ መካከል ባለው ጠባብ ሚዛን ላይ ነው። ቀን ቀን የፀሐይ ሙቀት የአናቱን ቅዝቃዜ ስለሚያካክስ መገላበጡ ይዳከማል፤ የባሕሩ እርጥበት ወደ ደመናው መድረስ ያቅተዋል፤ ደመናውም ይሳሳል። ከሌሊቱ የሚወፍረው ሊነጋጋ ሲል ነው።

ነገሩ ምን ያህል ስስ እንደሆነ ለማየት የሚከተለውን ስሌት መመልከት ይጠቅማል። ሦስት መቶ ሜትር ገደማ ውፍረት ባለው ደመና ውስጥ፣ ከግርጌው እስከ አናቱ የተንጠለጠለው የውሃ ጠብታ ሁሉ በአንድነት ቢወርድ ባሕሩ ላይ የሚያርፈው የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ነው። ከፀሐይ ብርሃን ግማሽ ያህሉን መልሶ የሚሰደው ይህ ውሃ ነው።

አሁን ወደ ሞዴሉ እንምጣ። የአየር ትንበያ ሞዴል ከባቢ አየሩን በፍርግርግ ይከፋፍለዋል፤ በእያንዳንዱ ሳጥን ውስጥ አንድ የሙቀት፣ አንድ የእርጥበት፣ አንድ የነፋስ ዋጋ ይይዛል፤ ከዚያም በፊዚክስ ሕግጋት ወደፊት ያሰላል። በዓለም ላይ ከሚታመኑት አንዱ የሆነው የአውሮፓ የመካከለኛ ጊዜ የአየር ትንበያ ማዕከል ሞዴል የሳጥኑ ጎን ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ወደ ላይ ደግሞ 137 ንብርብሮች አሉት። የአሜሪካው ዓለም አቀፍ ሞዴል 13 ኪሎ ሜትር ገደማ ጎንና 127 ንብርብሮች አሉት። በረጅም ዘመን የአየር ንብረት ሞዴሎች ውስጥ የሳጥኑ ጎን በተለምዶ ወደ መቶ ኪሎ ሜትር ይሰፋል። ከኢንቨርዥኑ ደረቅ አየር የሚቦጭቁት ሽክርክሪቶች ግን በሜትሮች የሚለኩ ናቸው። ሞዴሉ እነዚህን ሊያያቸው ስለማይችል በግምታዊ ቀመር ይተካቸዋል፤ ይህም ፓራሜትራይዜሽን ይባላል። ቀመሩ በልኬትና በልምድ የተቃኘ እንጂ እንደ ስበት ሕግ በቀጥታ ከፊዚክስ የወጣ አይደለም።

ከጎን ስፋቱ ይልቅ አስቸጋሪው የከፍታው ነገር ይመስለኛል። ከባሕር ወለል አንድ ኪሎ ሜትር ከፍታ አካባቢ በአውሮፓው ሞዴል ንብርብሮች መካከል ያለው ርቀት ወደ መቶ ሜትር ነው። ሦስት መቶ ሜትር ውፍረት ያለው ደመና እንግዲህ በሦስት ንብርብር ብቻ ይወከላል። ሞዴሉ የኢንቨርዥኑን ቦታ በአንድ ንብርብር ዝቅ አድርጎ ቢያስቀምጠው ደመናው ሁለት መቶ ሜትር ሆኖ ይቀራል። በእንዲህ ዓይነት ደመና ውስጥ ያለው ውሃ የሚያድገው በውፍረቱ ልክ ሳይሆን በውፍረቱ ካሬ ነው፤ ስለዚህ ውፍረቱ በሲሶ ሲቀንስ ውሃው ከግማሽ በታች ይወርዳል። በሌላ ትንበያ ውስጥ ማንም ልብ የማይለው የአንድ ንብርብር ስሕተት እዚህ ላይ በደማቅ ደመናና ነገ ጠዋት በሚበታተን ስስ ደመና መካከል ያለው ልዩነት ነው።

ይህ ሁሉ እያለ የአንድና የሁለት ቀን ትንበያው የሚያስከፋ አይደለም። ደመናው የሚኖርበትን ቦታ የሚወስኑት የአየሩ መውረድ፣ የባሕሩ ቅዝቃዜና የነፋሱ አቅጣጫ ሰፋፊ ነገሮች ስለሆኑ ሞዴሎች በደንብ ይይዟቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ የአውሮፓው ማዕከል በዚህ ደመና ሥር ያለውን መገላበጥ በአዲስ ቀመር ካስተካከለ በኋላም ሽፋኑ ይበልጥ ወደ እውነታው ቀርቧል። የሚሳሳቱበት ቦታም ቢሆን የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በጥቅምትና በኅዳር በቺሊና በፔሩ ጠረፍ ባሻገር በአውሮፕላንና በመርከብ በተካሄደው ቮካልስ የተባለ የልኬት ዘመቻ ዙሪያ የተነጻጸሩት ሞዴሎች በጠረፉ አቅራቢያ ደመናውን ከእውነተኛው ከፍታ ዝቅ አድርገው ወደ ባሕሩ ያስጠጉት ነበር፤ በሞዴልና በሞዴል መካከል ያለው ልዩነትም ሰፊ ነበር።

የሰዓት ትንበያ ምን ያህል እንደሚከብድ በሳን ፍራንሲስኮ አውሮፕላን ማረፊያ በጉልህ ይታያል። የማረፊያው ሁለት ትይዩ ማኮብኮቢያዎች የተራራቁት 230 ሜትር ያህል ብቻ በመሆኑ ሁለት አውሮፕላኖች ጎን ለጎን ሆነው ማረፍ የሚችሉት አብራሪዎቹ ሲተያዩ ነው። በዚያ በጋ በሆኑት ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባሉት ወራት ጠዋት ከፓሲፊክ የገባው ደመና ሰማዩን ሲጋርድ በሰዓት የሚያርፉት አውሮፕላኖች ከ60 ወደ 30 ይወርዳሉ። ደመናው እንደሚገፋ ማንም አይጠራጠርም፤ ጥያቄው በሦስት ሰዓት ተኩል ነው ወይስ በአምስት ሰዓት የሚለው ነው። በዚህች የአንድ ሰዓት ተኩል ልዩነት ምክንያት ከሌላ ከተማ የሚነሡ በረራዎች መሬት ላይ ይያዛሉ ወይም ይለቀቃሉ። የትላልቆቹ ሞዴሎች ውጤት ብቻውን ስላልበቃ ለዚህ ቦታ ብቻ ከአካባቢው ልኬትና ከብዙ ዓመታት መዝገብ ጋር ተዳምሮ የሚሠራ የተለየ የትንበያ ሥርዓት ተዘርግቷል። ሞዴሉ የደከመበትን በአካባቢ ልኬት መደገፍ አሁንም ድረስ የሚሻለው መንገድ ነው።

በአየር ንብረት ሞዴሎች ዘንድ ያለው ችግር ደግሞ ሌላ መልክ አለው፤ በባለሙያዎች ዘንድ «እጅግ ጥቂት፣ እጅግ ደማቅ» በሚል ቅጽል ይታወቃል። ሞዴሎቹ ከእውነታው ያነሰ የደመና ሽፋን ያሳያሉ፤ ያለውን ደመና ግን ከእውነተኛው ይበልጥ ወፍራምና አንጸባራቂ ያደርጉታል። ሁለቱ ስሕተቶች ሲደመሩ ወደ ጠፈር የሚመለሰው ብርሃን ሳተላይት ከለካው ጋር ይቀራረባል። ይህ በአጋጣሚ የመጣ ነገር አይደለም፤ ሞዴል ሠሪዎች የምድርን አጠቃላይ የኃይል ሚዛን ለማስተካከል ቀመሮቻቸውን ሲያስማሙ የጎደለው ሽፋን በድምቀት ይካካሳል። ድምሩ ልክ ስለሆነ ብቻ ሞዴሉን ትክክል ነው ማለት እንግዲህ አይቻልም፤ ሽፋኑ በአንድ ምክንያት፣ ድምቀቱ በሌላ ምክንያት ስለሚለወጥ ምድር ስትሞቅ ማካካሻው በዚያው ልክ እንደሚጸና ዋስትና የለም።

ይህን ጉድለት ያጋለጡት በዋናነት እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2006 አብረው የመጠቁት ካሊፕሶና ክላውድሳት የተባሉት ሳተላይቶች ናቸው። የመጀመሪያው በሌዘር፣ ሁለተኛው በራዳር የደመናን ከፍታ ከላይ ወደ ታች ሰንጥቀው ያሳዩ ነበር። ሆኖም ራዳሩ ከባሕሩ ወለል የሚመለሰው ምልክት እየረበሸው የታችኛውን አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ በደንብ አያይም ነበር፤ የሚፈለገው ደመና ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው እዚያው ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2024 የመጠቀው ኧርዝኬር ሌዘርና ራዳርን በአንድ ላይ ይዟል።

ጥቃቅኑን ሽክርክሪት በቀጥታ ማስላት ለምን አይቻልም የሚል አንባቢ ይኖራል። ይቻላል፤ ግን በትንሽ ቦታ ብቻ። በጥቂት ኪሎ ሜትር ስፋት ላይ ሳጥኑን እስከ አምስት ሜትር ከፍታ ድረስ አሳንሰው የሚያሰሉ ሞዴሎች አሉ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2001 ከካሊፎርኒያ ባሻገር ዳይኮምስ ሁለት በተባለው ዘመቻ የተለካውን አንድ ሌሊት እነዚህ ሞዴሎች እንዲያሰሉት ሲደረግ ብዙዎቹ ከላይ የሚገባውን ደረቅ አየር አብዝተው ደመናውን ከተለካው ይልቅ ስስ አድርገውታል። በአምስት ሜትር ሳጥን እንኳ የኢንቨርዥኑ ስለት አልተያዘም ማለት ነው።

ሌሎች ሁለት ጉዳዮች በአጭሩ መነሣት አለባቸው። በአንታርክቲካ ዙሪያ ባለው ውቅያኖስ የዝቅተኛው ደመና ጠብታዎች ከዜሮ ዲግሪ በታች ቀዝቅዘውም በፈሳሽነት ይቆያሉ፤ ብዙ ሞዴሎች ግን ቶሎ ወደ በረዶ ስለሚለውጧቸው ደመናው ይሳሳባቸዋል፤ ባሕሩም ከሚገባው በላይ ፀሐይ ይቀበላል። ሁለተኛው በአየር ላይ የሚንሳፈፍ ብናኝ ነው፤ ብናኝ ሲበዛ ያው ውሃ በብዙ ጥቃቅን ጠብታዎች ስለሚከፋፈል ደመናው ይደምቃል። መርከቦች በሚያልፉበት ደመና ላይ ነጭ መስመር ትተው ይሄዱ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው፤ እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2020 ጀምሮ በመርከብ ነዳጅ ውስጥ የሚፈቀደው የድኝ መጠን ከ3.5 ወደ 0.5 በመቶ ከተቀነሰ በኋላ መስመሮቹ ቀንሰዋል። በአፍሪካችንም በደቡባዊው ክፍል በየዓመቱ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት የሚነሣው የቃጠሎ ጭስ በአትላንቲክ ላይ ከተኛው የናሚቢያና የአንጎላ ደመና በላይ ይንሳፈፋል። ብዙዎቹ የዕለት ትንበያ ሞዴሎች ግን ብናኙን ከዕለቱ ልኬት ሳይሆን ከብዙ ዓመታት አማካይ ይወስዱታል።

የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን በእጥፍ ቢጨምር ምድር በስንት ዲግሪ ትሞቃለች ለሚለው ጥያቄ እ.ኤ.አ. በ1979 የተሰጠው ግምት ከ1.5 እስከ 4.5 ዲግሪ ነበር፤ ለአራት አሥርት ዓመታትም ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳየም። በሞዴሎች መካከል ያለው አለመስማማት ትልቁ ምንጭ ይኸው ዝቅተኛ ደመና ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 የበይነ መንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥ ፓነል ክልሉን ከ2.5 እስከ 4 አጥብቦታል። ለዚህ የረዳው የሞዴሎች መሻሻል ብቻ አይደለም፤ ባሕሩ ሲሞቅ ደመናው እንደሚሳሳ በሳተላይት ልኬት መታየቱ፣ እንዲሁም የጥንት የአየር ንብረት መረጃ መደመሩ ነው።

በቅርብ ዓመታት በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠሩት የትንበያ ሞዴሎች ነፋስና ሙቀትን በመተንበይ የቀደሙትን ሞዴሎች በብዙ መለኪያ በልጠዋል። ዝቅተኛው ደመና ላይ ግን ተመሳሳይ ተስፋ መጣል ያስቸግራል። አብዛኞቹ የሚማሩት የአውሮፓው ማዕከል ካጠናቀረው ኢአርኤ አምስት ከተባለው የታሪክ መዝገብ ነው፤ በዚያ መዝገብ ውስጥ ያለው ደመና ደግሞ ራሱ የሞዴል ውጤት ነው። የተማሪው ዕውቀት ከመጽሐፉ ስሕተት አይርቅም።

ይህ ሁሉ አዳማ ዙሪያ ላለ ገበሬ ምን ያገባዋል? ከሚመስለው በላይ ያገባዋል፤ መንገዱ ግን ቀጥተኛ አይደለም። በቦሰትና በአዳማ ዙሪያ ማሽላ ለመዝራት የሚያዝያና የግንቦት ዝናብ ያስፈልጋል፤ ዝናቡ ከዘገየ ገበሬው ወደ ጤፍ ወይም ወደ ቦሎቄ ያዞራል፤ ወይም በመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል የሚወጡትን ቶሎ የሚደርሱ ዝርያዎች ይፈልጋል። ለዚህ ውሳኔ የሚረዳው የክረምት ትንበያ ከሚደገፍባቸው ምሰሶዎች አንዱ የኤልኒኞ፣ ማለትም የመካከለኛውና የምሥራቃዊው ፓሲፊክ ውቅያኖስ ወለል ከወትሮው የሚሞቅበት ክስተት፣ ሁኔታ ነው፤ ኤልኒኞ ሲበረታ የሰሜንና የመካከለኛው ኢትዮጵያ ክረምት መዳከም ያዘወትራልና። በ2007 ዓ.ም. ክረምት የሆነው ይኸው ነበር፤ በዚያ ድርቅ ምክንያት የምግብ እርዳታ ያስፈለጋቸው ሰዎች ቁጥር 10.2 ሚሊዮን ደርሶ ነበር።

የፔሩ ደመና የሚተኛው ደግሞ በዚሁ የፓሲፊክ ምሥራቃዊ ጫፍ ነው። ውቅያኖስንና ከባቢ አየርን አጣምረው በሚያሰሉ ሞዴሎች ውስጥ ደመናው ሲጎድል ፀሐይ ባሕሩን ታሞቃለች፤ ባሕሩ ሲሞቅ ኢንቨርዥኑ ይዳከማል፤ ኢንቨርዥኑ ሲዳከም ደመናው ይብሱን ይጎድላል። በዚህ የተነሣ በርካታ ሞዴሎች የፔሩንና የናሚቢያን ጠረፍ ባሕር በዲግሪዎች አሙቀው ያሳያሉ፤ የነፋሱና ከጥልቅ የሚወጣው ውሃ ስሕተትም ድርሻ አለው። የትንበያ ማዕከላት መፍትሔ ሞዴሉን ባለፉት ሃያና ሠላሳ ዓመታት ላይ ደጋግሞ ማስኬድና የተለመደውን ስሕተት ከትንበያው ላይ መቀነስ ነው። ስሕተቱ በየዓመቱ ተመሳሳይ እስከሆነ ድረስ ይህ ይሠራል። ኤልኒኞ በሚያድግበት ዓመት ግን ባሕሩ ሲሞቅ ደመናው ራሱ ስለሚለዋወጥ፣ በአማካይ ቅነሳ የማይወገድ ቀሪ ስሕተት የክስተቱን ጥንካሬ ሊያዛባ ይችላል። ጥፋቱን ሁሉ በደመናው ላይ መጫን ግን አይገባም፤ እ.ኤ.አ. በ2014 መጀመሪያ ብዙ ሞዴሎች ብርቱ ኤልኒኞ ሊመጣ ነው ብለው በዚያ ዓመት ሳይሆን ሲቀር ዋናው ምክንያት የነፋሱ ጠባይ ነበር።

ስለዚህ የወቅት ትንበያ የሚቀርበው በቁርጥ ቃል ሳይሆን ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛና ከመደበኛ በታች በሚሉ ሦስት ክፍሎች በመቶኛ ተከፍሎ ነው። ለምሳሌ ከመደበኛ በታች የመሆን ዕድሉ 45 በመቶ ነው ቢባል፣ ከመደበኛ በታች ያለመሆን ዕድሉ አሁንም 55 በመቶ ነው፤ እንዲህ ያለ ቁጥር ማሳውን ከፍሎ የተወሰነውን ቶሎ ለሚደርስ ሰብል ለመመደብ ይረዳ ይሆናል እንጂ ማሽላን ጨርሶ ለመተው አይበቃም። የአሥር ቀኑና የዕለቱ ትንበያ ጉዳይ ሌላ ነው። በእነዚያ ላይ የፔሩ ደመና ድርሻ የለውም ማለት ይቻላል፤ ነገ ከሰዓት በኋላ ቦሰት ላይ ይዘንብ እንደሆነ የሚወሰነው እዚሁ በስምጥ ሸለቆው በሚገባው እርጥበትና በከፍታዎቹ ላይ በሚነሣው ሞቃት አየር ነው።